«ካርቶኑን ጣሉት» ያልኩበት ክረምት

ሰኞ 3

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ብሏል። ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አስራ ሰባት ደብዳቤ ተቆልሎ ጠበቀኝ፤ ሁሉም የተጓዥ ነው። ይህ ወቅት ሲመጣ ወጣቱ ሁሉ ሻንጣ ይገዛል፣ ሻንጣ የገዛ ሁሉ ደግሞ ለእኔ ይጽፋል። በዚህ ሰሞን ከመጽሔቱ ሁሉ ቀድሞ የሚነበበው «ሻንጣው ሳይዘጋ» የሚለው ዓምዴ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ መጽሔት አዟሪው ነው።

አንዱ «ፓስፖርቴን አንገቴ ላይ ላንጠልጥለው ወይስ ኪሴ ልክተተው?» ይላል። አንገትህ ላይ ካንጠለጠልከው ለሌባ አድራሻ ሰጠህ ማለት ነው፤ የውስጥ ኪስ አሰፋ፣ ቅጂውንም ሌላ ሻንጣ ውስጥ አድርግ ብዬ መለስኩለት። አንዷ ደግሞ የምታርፍበትን ቤት አድራሻ ስልኳ ላይ ብቻ ይዛዋለች። ባትሪው ሲያልቅ ምን ልትሆኚ ነው፣ የኔ ልጅ? ወረቀት ላይ ጻፊው፣ በትልቁ። ዋና አዘጋጁ፣ ሁላችንም «አለቃ» የምንለው፣ መልሶቼን አንብቦ እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ባትኖሪ እኮ ይህን መጽሔት የሚገዛን ዕቃ የሚጠቀልል ባለሱቅ ብቻ ነበር» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ማክሰኞ 4

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የመጣችው። ያለፈውን ወር እትም አራት ቦታ አጥፋ ይዛለች። የእኔን ገጽ።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ልታመሰግነኝ የመጣች መስሎኝ፣ አቤት ውርደት፣ ፀጉሬን አስተካክዬ ፈገግ አልኩ። «አዎ እኔ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ልጄን ይዘውብኛል።»

ልጅቷ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ለትምህርት ስትሄድ፣ አውሮፕላን በምትቀይርበት አገር ሻንጣዋን ከፈቱት። አንድ የቫይታሚን ብልቃጥ አገኙ። ውስጡ ያለው ግን ቫይታሚን አይደለም፤ ስም የሌለው ነጭ ክኒን ነው፣ መቶ ሰማንያ ፍሬ። «ምን ደብቀሽ ነው?» አሏት። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክኒኑ እንዳትወድቅ ጠዋትና ማታ የምትውጠው ነው። ይመርመር ብለው ወሰዱባት።

«ካልዋጠች ትወድቃለች» አለች እናትየው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ቢንቀጠቀጥ ይሻለኝ ነበር። «ስትወድቅ ምላሷን ትነክሳለች። እዚያ አጠገቧ ማን እንዳለ አላውቅም።»

መጽሔቱን ዘርግታ ጣቷን አሳረፈችበት። «መድኃኒት ካላችሁ ካርቶኑን ጣሉት። ክኒኑን ባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጡት፤ ለሁለት ጥንድ ካልሲ የሚሆን ቦታ ታተርፋላችሁ።»

«የሐኪም ማዘዣ ያዙ ብያለሁ እኮ!» አልኳት።

«የት ላይ?»

ፈለግኩ። ከላይ እስከ ታች። የለም። «ቦታ ጠቦ ተቆርጦ ይሆናል» አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ገጽ አቀናባሪያችን ቀና አለ። ጽሑፍ ገጹ ላይ አልገባ ሲል የሚያሳጥረው እሱ ስለሆነ «መቀስ» ነው የምንለው። አየኝ። ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጽፌዋለሁ። ስለ ማዘዣ እንዲህ ያለ ነገር ሳልጽፍ አልቀርም።

ረቡዕ 5

በጥድፊያ። ልጅቷ ለእናቷ ደውላለች፣ ሁለት ደቂቃ። አልወደቀችም። እስካሁን። ክኒን ከቆመ አራተኛ ቀኗ ነው።

ማዘዣው ቤት ውስጥ ተገኘ፣ መሳቢያ ውስጥ። ካርቶኖቹም አሉ፤ እናትየው ክር ልጠቀልልባቸው ብላ አስቀርታቸው ነበር። ሁሉንም ፎቶ አንስታ ልካለች። እዚያ የተመደበችላት ጠበቃ ግን «መድኃኒት መሆኑን በዚህ እናሳያለን። የሌላ ብልቃጥ ውስጥ ለምን እንደከተተችው ነው የሚያስቸግረን» ብላለች። ልጅቷ «መጽሔት ላይ አንብቤ ነው» ብትላቸው ሳቁባት አሉ። ጠበቃዋ ከመጽሔቱ ደብዳቤ ትፈልጋለች።

አለቃ መቀስን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። በሩ ቢዘጋም ቁጣው ይሰማል።

ሐሙስ 6

ደብዳቤውን ጻፍኩ፣ አለቃ ከኋላዬ ቆሞ።

«ስህተት የሚል ቃል እንዳታስገቢ። "ሁልጊዜ እንመክራለን" በይ።»

«በዚህኛው እትም ላይ እኮ የለም።»

«ተቆርጦ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ሁልጊዜ ትመክሪያለሽ። ምኑ ነው ያስቸገረሽ?»

እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ «መጽሔታችን ተጓዦች መድኃኒታቸውን ከሐኪም ማዘዣ ጋር እንዲይዙ ሁልጊዜ ይመክራል። አንባቢያችንም ለጤናዋ ብላ የያዘችው መሆኑን እናምናለን።» አማረ። ማህተም ተመታበት፣ ከገጹ ቅጂ ጋር ተላከ። እናትየው ስልክ ላይ መረቀችኝ። እውነቴን ነው፣ ቀለል ብሎኝ ዋለ።

መቀስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። ያስጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ሁለት ሕፃናት እንዳሉት ለአለቃ ላስታውሰው ገብቼ ነበር፤ ስልክ መጣበትና ወጣሁ።

ቅዳሜ 8

ታላቅ እህቴ ደወለች። ወሬው እሷ ጋ እንዴት እንደደረሰ እንጃ፤ እሷ ጋ የማይደርስ ወሬ የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ካርቶን ጣሉ የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ከልጅሽ ነዋ! እንዲህ አድርጋ ሄዳ ምን ሆነች?»

«የኔ ልጅ የያዘችው እኮ ስድስት ፍሬ የራስ ምታት ክኒን ነው። ለዚያውም በሶፍት ጠቅልላ!»

«ሐሳቡ ያው ነው።»

«የሚያውቅ ሰው ጠይቀሻል?»

«ዘጠኝ ዓመት ጽፌያለሁ፣ እኔ አላውቅም?»

«አንቺ ባሕር ማዶ የሄድሽው አንዴ ነው፣ ለአምስት ቀን። ሻንጣሽንም የደረደርኩልሽ እኔ ነኝ።»

ዘጋሁባት። ማለቴ መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኞ 10

ወደቀች።

ትናንት ጠዋት፣ ማቆያው ውስጥ፣ ለመታጠቢያ ቤት ተሰልፋ ሳለ። ቅንድቧ ተሰንጥቆ ሦስት ቦታ ተሰፋ። ምላሷንም እናቷ እንዳለችው። ከወደቀች በኋላ ሐኪም አመጡላት፤ የራሳቸውን መድኃኒት ጀምረውላታል፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። አሁን መታመሟን አምነዋል። «ደብቀሽ አስገብተሻል» የሚለውን ግን አልተዉትም። ሐሙስ በ20 ችሎት ትቀርባለች። ከፈረዱባት ወይ ትታሰራለች፣ ወይ በወንጀለኛ ስም ተባራ ትመለሳለች፤ ያኔ ትምህርቱ አበቃ። ሌላ አገርም ቪዛ አይሰጣትም።

እናትየው ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረኝ ከኋላዋ የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም ነበር።

ለሚቀጥለው እትም «ረጅም በረራ ላይ እግራችሁን አንቀሳቅሱ» የሚል ጻፍኩ። ምንም የማያመጣ ምክር። እግር ማንቀሳቀስ ማንን ጎድቶ ያውቃል? እንጃ፣ ይጎዳ ይሆን?

ረቡዕ 12

ከጠበቃዋ ለመጽሔቱ መልእክት መጣ። ያየነው አለቃና እኔ ብቻ ነን።

መርማሪው ደብዳቤያችንን ከፋይል አውጥቶ ለልጅቷ አነበበላት። «መጽሔቱ ራሱ ማዘዣ ያዙ ብሎ ይመክራል፣ ሁልጊዜ። አንቺ አልያዝሽም። እንግዲያው መጽሔቱን የምትጠሪው ለማምለጥ ነው» አላት። ልጅቷ ገጹ ላይ እንደሌለ ብታሳየው «ሁልጊዜ ይላል» አለ። ደብዳቤው ማህተም አለው፤ እሷ ማህተም የላትም።

ጠበቃዋ የምትጠይቀው አጭር ነው። ማስጠንቀቂያው በእርግጥ ተጽፎ ነበር? ከነበረ ማን አወጣው? ካልነበረ ጸሐፊዋ አልነበረም ብላ ትፈርም፣ ከችሎቱ በፊት።

አለቃ ሁለት ጊዜ አነበበውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «መልስ የለም። አንዴ ጻፍን፣ በቃን። ሁለተኛ ደብዳቤ ማለት የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለት ነው።»

«ውሸት አልነበረም» አልኩ።

«እኮ!»

ሐሙስ 13

መቀስ ዛሬ አጠገቤ መጣ። እኔ አሁንም በእጄ ነው የምጽፈው፤ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባልኝ እሱ ነው፣ የእጅ ጽሑፌንም በወር በወሩ ያስቀምጣል። የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«እትዬ፣ ያለፈው ወር ነው። ይፈልጉት ይሆናል ብዬ።»

አልተቆጣም፣ አላጉረመረመም። ሰድቦኝ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። አልገለጥኩትም፤ ጉዳይ ነበረብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ዓርብ 14

ሥራ በዛ። ዝናብ። ጃንጥላዬን የሆነ ቦታ ረሳሁት። እናትየው ሁለቴ ደወለች፣ አንዴ አነሳሁ።

እሑድ 16

ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ራሴን ብጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። አይዞሽ ለማለት ነው መሰለኝ።

የምትሠራበት ክፍል ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ በየስሙ ተቋጥሮ ተደርድሯል፦ የነርሷ፣ የመምህሩ፣ የሙሽሪት። ግድግዳው ላይ የልጅቷ ካፖርት ተሰቅሏል። ክብደት በዛ ተብሎ የቀረ ነው። ክብደት! እኔ ነኝ እኮ «ካፖርቱን ልበሱት እንጂ አትክተቱት» ያልኩት፤ ይህቺን ምክር ግን አላነበበቻትም።

አስቀመጠችኝ። የምታስቀምጠኝ ወንበር ላይ ያለውን ጨርቅ አንስታ፣ በእጇ ጠርጋ።

«የእርስዎ ደብዳቤ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች። «እሷ እኮ የጻፉትን ሁሉ እየቆረጠች ታስቀምጥ ነበር። "እትዬ ያለችው ነው" ትለኛለች። "እትዬ ደግሞ ማን ናት?" እላታለሁ። ካርቶኑን ልትጥል ስትል እንኳ "ይቅርብሽ፣ የሐኪም ነገር ነው" ብያት ነበር። "እማ፣ አንቺ አታውቂም፣ እሷ ታውቃለች" አለችኝ።»

ልናገር ነበር። አንድ ደንበኛ ሱሪ ልታሳጥር ገባች፣ ስለ ቁመቱ ተከራከሩ፣ ጊዜው ሄደ። ስወጣ እስከ ደረጃው ሸኘችኝና «ሐሙስን በጸሎትዎ ያስቡልኝ» አለችኝ።

አልነገርኳትም። ነገ። እሑድ ቀን ሰው አያስደነግጡም።

ሰኞ 17

ወረቀቱን ገለጥኩት። በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ሲወጣ፣ ፎቶ ኮፒ ክፍል ገብቼ።

ሦስት ገጽ፣ የእኔው እጅ። ከካልሲው ቀጥሎ የሚመጣው የጃኬት ኪስ ነው። ምንም አልተሰረዘም። በዳርም በኅዳግም የተጨመረ የለም። ማዘዣ የሚል ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለም። መቀስ አንዲት ፊደል አልቆረጠብኝም።

አልጻፍኩትም። ያልጻፍኩት ስለማላውቀው ነው። ይህችን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ፤ የካልሲዋን ግን ስጽፍ ብቻዬን መሳቄ እንኳ ትዝ ይለኛል።

የእጅ ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩት፣ ማዘዣ የሚለው ቃል የሚበቅልበት ይመስል።

ማክሰኞ 18

ጠዋት በስብሰባው ላይ፣ ሁሉም ባሉበት ተናገርኩ። «ማስጠንቀቂያውን አልጻፍኩም። ማንም አልቆረጠውም።» አንዷ ሪፖርተር ብስኩቷን አፏ ጋ አድርሳ ቀረች። መቀስ ጠረጴዛውን ያያል።

አለቃ ወደ ክፍሉ ጠራኝ። «ምን ነክቶሽ ነው? ማንም ሳይጠይቅሽ?»

«ጠበቃዋ ጠይቃኛለች።»

«መጽሔቱን ገደል ልትከቺው ነው? ማህተም አልሰጥሽም።»

«ማህተሙ አይደለም እንዴ ልጅቷን እዚህ ያደረሳት? በስሜ እፈርማለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ዓምዱን እርሺው። ምክርሽ ሰው ያሳስራል ብለሽ በራስሽ እጅ ፈርመሽ፣ በሚቀጥለው እትም ምን ብለሽ ልትመክሪ ነው?»

የእሱ ክፋት ይህ ነው፣ አንዳንዴ እውነቱን ነው።

ጻፍኩ። «ጽሑፉ የእኔ ነው። ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥታችሁ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገልብጡ ያልኩት እኔ ነኝ። የሐኪም ማዘዣ ያዙ አላልኩም፤ እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር፣ የሚያውቅ ሰውም አልጠየቅኩም። መጽሔቱ ሁልጊዜ ይመክራል የተባለው ትክክል አይደለም፤ እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ያደረገችው እኔ ያልኳትን ነው።» አላማረም። አንድም የሚያስቅ ቦታ የለውም።

የእጅ ጽሑፉን ሦስቱንም ገጽ ስካን አድርጎ ከፈረምኩት ጋር ለጠበቃዋ የላከልኝ መቀስ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ማሽኑን እያየ «የማስጠንቀቂያዬን ደብዳቤ ሚስቴ አንብባዋለች፣ እትዬ» አለ። ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን በጽሑፍ ለአለቃ አስገባሁ፣ ቅጂውንም ለእሱ ሰጠሁት። ለሚስቱ እንዲያሳያት።

ረቡዕ 19

ነገርኳት። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ። እናትየው ስፌቱን አላቆመችም፤ ጠርዙን እስክትጨርስ መኪናው ሲንጣጣ ቆየ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እና አሁን እውነቱን ጻፉ?»

«ጻፍኩ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ጠበቃዋ የጠየቀችዎትስ መቼ ነው?»

«ያለፈው ረቡዕ።»

በጣቷ ቆጠረች። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። እሑድ ላይ ስትደርስ ቆመችና ወንበሩን አየችው፤ እኔን ያስቀመጠችበትን።

«እሑድ እዚህ ነበሩ።»

«አዎ።»

ሌላ ጨርቅ አነሳች። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። ደረጃው ድረስ የሸኘኝ የለም።

ሐሙስ 20

ችሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። በእኛ ስንት እንደሆነ ሦስቴ አሰላሁ፣ ሦስቴም ሌላ ቁጥር መጣልኝ። የሰዓት ልዩነት እንዴት እንደሚሰላ ባለፈው ዓመት ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ።

ከጠረጴዛዬ ላይ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው።

ስልክ የለም።

ስምንት ሰዓት። የለም።

አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ። ጠበቃዋ፦ ዳኛዋ የእጅ ጽሑፉ በአስተርጓሚ ቃል በቃል ይነበብልኝ ብላለች። የካልሲውንም። ውሳኔው ነገ።

ዓርብ 21

ለቀቋት።

ክሱ ተዘግቷል፣ ስሟ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ሰኞ ጉዞዋን መቀጠል ትችላለች፤ ትምህርት ቤቱም ሐኪሙ የጻፈውን አይቶ ይቀበላታል። የደወለልኝ እናትየው አይደለችም፣ ጠበቃዋ ናት። እናትየው እስክትደውል ጠበቅኩ። አልደወለችም። ምን ብላ ትደውላለች?

ቅዳሜ 22

ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር። ቀጭን፣ ምላሷ የከበዳት ድምፅ።

«እትዬ? እኔ ነኝ... ያቺ ልጅ።»

ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ በአንዴ መጣና ተያይዞ ቀረ። «ይቅርታ የኔ ልጅ» ብቻ ወጣኝ።

«እሺ» አለች። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እሺ ነው ያለችው። «ቁጥርዎን ከጠበቃዋ ነው የወሰድኩት፣ እማ አልሰጥም አለች። ክኒኔን መለሱልኝ። በላስቲክ ነው፣ እንዲሁ ልቅ። ሰኞ በረራ አለኝ። ምን ላድርገው?»

አፌ ሊቀድመኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ መልሱ፣ ቀልዱም ጭምር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«እንዴ፣ አያውቁም?»

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ልጠይቅልሽ፣ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ። እስከዚያ ምንም እንዳታደርጊ።»

ጫማ ቀይሬ፣ በዝናቡ፣ መንገድ ማዶ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ስድስት ሰው ተሰልፏል፤ ሰባተኛ ሆንኩ። ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ለፋርማሲስቱ ነገርኩት፣ ብልቃጡንም፣ የማን ምክር እንደሆነም። ቅንድቡን አነሳ እንጂ አልተናገረኝም። ቀስ ብሎ ነገረኝ፣ ጻፍኩ፦ ልቅ ክኒን ይዛ አትሂድ። እዚያ ያከማት ሐኪም አዲስ ማዘዣ ይጻፍላት፣ ፓስፖርቷ ላይ ባለው ስም። ከነማሸጊያው ትውሰድ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበትን። ከማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው። የምትሄድበት አገር ያንን መድኃኒት ይፈቅድ እንደሆነ ከኤምባሲው ትጠይቅ። አሁን የሚሰጧትን ደግሞ ሐኪሙ ሳይነግራት እንዳታቆም።

የጻፍኩትን አነበብኩለት። አንድ ቦታ አረመኝ፤ «መጠን» ብዬ በቀን ስንት ጊዜ የሚለውን ትቼ ነበር። አስገብቼ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩለት።

«ትክክል ነው» አለ። «እናቴ፣ ሰልፉን አዩት?»

አላየሁትም ነበር። ዘወር ስል እስከ በሩ ደርሷል፤ አንዱ ጃንጥላውን መሬት ላይ እያንኳኳ ነው።

«ይቅርታ» አልኳቸውና ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩለት።